አለትን በጨረር መመርመር፦ የኒውክሌር ሎጊንግ ጉዞ ከ1939 እስከ ዛሬ

ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ፣ ከላይ ለቆመ ሰው የሚታየው ስፋቱ ከሁለት ስንዝር የማይበልጥ፣ ጭቃ የሞላበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ታች ያለው አለት አሸዋ ድንጋይ ይሁን የኖራ ድንጋይ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሞላው ውሃ ይሁን ዘይት ወይም ጋዝ፣ በዓይን አይታይም። መቆፈሪያው ፈጭቶ የሚያወጣው ስብርባሪ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ በትክክል አይታወቅም። ኮር የሚባለውን ድፍን የአለት ናሙና ከላይ እስከ ታች ማውጣት ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ ባለሙያዎች መለኪያ መሣሪያ በገመድ አስረው እስከ ታች ይሰዱና ቀስ ብለው ወደ ላይ እየጎተቱ በየጥልቀቱ ንባብ ይወስዳሉ። ሎጊንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚወጣው ተከታታይ ንባብም ሎግ ይባላል።

ከሎጊንግ ዘርፎች ውስጥ በአቶም እምብርት ባሕርይ ላይ የተመሠረተው ኒውክሌር ሎጊንግ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ዳሰሳ እነዚያን ዓመታት በየዘመናቸው ይቃኛል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘርፉ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለተሻለው የጨረር ምንጭ፣ ለተሻለው መቁጠሪያና ለተሻለው ኮምፒውተር ነው። ነገሩን ከሥሩ ላየው ግን ትልልቆቹ እመርታዎች የመጡት አንድን ንባብ ብቻውን ማመን በቀረ ቁጥር ነው። ፍርድ ቤት በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ለመፍረድ እንደሚያመነታ ሁሉ፣ ከመሬት በታች ያለውንም አለት የሚያሳውቀን አንዱ ልኬት የተናገረውን ሌላው ሲያጸናው ወይም ሲያፈርሰው ነው።

ከብረት በስተጀርባ፦ 1927–1941

ሎጊንግ የተጀመረው በኤሌክትሪክ ነው። በመስከረም 1927 በፈረንሳይ አልሳስ፣ ፔሸልብሮን በተባለው የዘይት መስክ፣ የወንድማማቾቹ የኮንራድና የማርሴል ሽሉምበርዤ ባልደረቦች የአለቱን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከሜትር ወደ ሜትር እየለኩ የመጀመሪያውን ሎግ አወጡ። ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተሠራበት። ሆኖም የማያልፈው ነገር ነበር። ጉድጓዱ እንዳይናድ ኬዚንግ የሚባለው የብረት ቧንቧ ከገባበትና በሲሚንቶ ከታሰረ በኋላ፣ ብረቱ ኤሌክትሪኩን ስለሚወስደው በዘመኑ መሣሪያ አለቱን መለካት አይቻልም ነበር። ሎጊንግ ከመታወቁ በፊት ተቆፍረው ኬዚንግ የለበሱ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ደግሞ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ከብረቱ በስተጀርባ የታለፈ ዘይት እንዳለ ይጠረጥራሉ፤ የት እንዳለ ግን አያውቁም።

ጋማ ጨረር መልስ ይዞ መጣ። ብረትንና ሲሚንቶን አልፎ ይሄዳል። ሃውኤልና ፍሮሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1939 በጉድጓድ ውስጥ የተፈጥሮ ጋማ ጨረርን የመለካት ሥራቸውን አሳተሙ፤ ወዲያውም አገልግሎቱ ለገበያ ቀረበ። መነሻው ቀላል እውነት ነው። አለት ሁሉ በተፈጥሮው ጥቂት ፖታሲየም፣ ዩራኒየምና ቶሪየም አለው፤ እነዚህም ያለማቋረጥ ጋማ ጨረር ይለቃሉ። ሼል የሚባለው ሸክላማ አለት ከሦስቱም ብዙ ይይዛል፤ ንጹሕ አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ጥቂት። መሣሪያው በሼል ሲያልፍ ቆጠራው ይወጣል፣ በአሸዋ ድንጋይ ሲያልፍ ይወርዳል። ይህ ሎግ ዛሬም በየጉድጓዱ የሚወሰድ የሌሎቹ ሎጎች ሁሉ የጥልቀት ማመሳከሪያ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ከሮም ነው የመጣው። ብሩኖ ፖንቴኮርቮ በ1934 ከኤንሪኮ ፌርሚ ጋር ሆኖ ፍጥነታቸው የቀነሰ ኒውትሮኖችን ባሕርይ ካጠኑት ወጣት የፊዚክስ ሊቃውንት አንዱ ነበር። ኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ነበር፤ አይሁዳዊ ነበርና የጀርመን ጦር ፓሪስን ሊይዝ ሲቃረብ፣ በሰኔ 1940 በብስክሌት ከከተማዋ ሸሸ፤ በሊዝበን አድርጎ አሜሪካ ገባ። ሥራ ያገኘው ኦክላሆማ ውስጥ፣ በተልሳ ከተማ፣ ጉድጓድ በሚለካ ኩባንያ ነው። በ1941 ያሳተመው ጽሑፍ የኒውትሮን ሎጊንግን መሠረት ጣለ። ይኸው ሰው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950፣ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ቀረ፤ ዓለምም የሚያስታውሰው ይበልጡን በዚያና በኒውትሪኖ ጥናቱ ነው። በዘይት መሐንዲሶች ዘንድ ያለው ውለታው ግን ከተልሳ ቆይታው የመጣ ነው።

የፖንቴኮርቮ ሐሳብ የአለቱን የራሱን ጨረር ከማዳመጥ አልፎ፣ ወደ አለቱ ኒውትሮን መላክና ምን እንደሚደርስበት ማየት ነበር። ኒውትሮን ክብደቱ ከሃይድሮጅን ኒውክለስ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ስለዚህ ከሃይድሮጅን ጋር ሲጋጭ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ እስከ ሙሉው ድረስ ሊያጣ ይችላል፤ ከከባድ አቶም ጋር ሲጋጭ ግን ብዙም ሳይጎዳበት ይነጥራል። አንድ ፈጣን ኒውትሮን በዙሪያው ካለው ነገር ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ከሃይድሮጅን ጋር በአማካይ 18 ያህል ግጭት ይበቃዋል። ከካርቦን ጋር ከ100 በላይ፣ ከሲሊከን ጋር ከ250 በላይ ያስፈልገዋል። አለት ውስጥ ሃይድሮጅን በብዛት ያለው በውሃና በዘይት ውስጥ ነው፤ ውሃና ዘይት ያለው ደግሞ በክፍቱ ቦታ ነው። ኒውትሮኖቹ ቶሎ ከደከሙ አለቱ ብዙ ክፍት ቦታ አለው ማለት ነው። ባለሙያዎች ፖሮሲቲ የሚሉት የክፍት ቦታ መጠን በጨረር መለካት የተጀመረው እንዲህ ነው።

አንድ ሚዛን ለሁሉም፦ 1959

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ችግር የሚዛን አለመኖር ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መቁጠሪያ፣ በራሱ መለኪያ ይቆጥራል። የአንዱ 50 ከሌላው 50 ጋር አይገናኝም። መቁጠሪያዎቹም ተለዋወጡ፤ ከጋይገር ቱቦ ወደ ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ሲሸጋገሩ ከዚያው አለት የሚሰበሰበው ቆጠራ ብዙ እጥፍ አደገ። የትናንቱ ሎግ ከዛሬው ጋር፣ የዚህ መስክ ከዚያኛው ጋር ሊነጻጸር አልቻለም።

መፍትሔው ሲሚንቶ ነበር። በ1959 የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም (ኤፒአይ) በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ የካሊብሬሽን፣ ማለትም መሣሪያ የሚመሳከርባቸው፣ ጉድጓዶች አሠራ። ለጋማ በተዘጋጀው ጉድጓድ ዝቅተኛ ጨረር ባላቸው ሁለት የሲሚንቶ ንብርብሮች መካከል አንድ ከፍተኛ ጨረር ያለው ንብርብር ተቀምጧል፤ ውስጡ 4 ከመቶ ያህል ፖታሲየም፣ በሚሊዮን 12 ያህል እጅ ዩራኒየምና በሚሊዮን 24 ያህል እጅ ቶሪየም አለበት። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት 200 ኤፒአይ ተባለ፤ ከአሜሪካ መካከለኛ ግዛቶች የተለመደ ሼል ሁለት እጥፍ እንዲሆን ታስቦ ነው። ለኒውትሮን ደግሞ ክፍት ቦታቸው የታወቀ የድንጋይ ብሎኮች ተደረደሩ፤ 19 ከመቶ ክፍት ቦታ ያለው የኢንዲያና የኖራ ድንጋይ 1000 ኤፒአይ ተደረገ።

ይህ ሥራ በታሪክ ውስጥ ብዙ ቦታ አይሰጠውም። እኔ ግን ከመሣሪያ ፈጠራዎቹ አሳንሼ አላየውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎግ የኩባንያ ምስጢር መሆኑ ቀርቶ ማንም ሊፈትሸው የሚችል ልኬት ሆነ።

ከሚዛኑ ጎን ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ። ጨረር የሚለቀቀው በአጋጣሚ ነው። 100 ብትቆጥር የስህተቱ መጠን 10 ያህል ነው፣ ማለትም 10 ከመቶ፤ 10,000 ብትቆጥር ስህተቱ ወደ 1 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው በፍጥነት ከተጎተተ ቆጠራው ያንሳል፣ ሎጉም ያለ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። የተፈጥሮ ጋማ ሎግ ለረጅም ዘመን በሰዓት 550 ሜትር ገደማ የሚጎተተው በዚህ ምክንያት ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ በሰዓት የሚከፈልበት ሥራ በመሆኑ ችኮላው ሁልጊዜ አለ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ኋላ ሎጉን የሚያነበው ሰው ነው።

ሁለት መቁጠሪያ፣ ሁለት ሎግ፦ 1960ዎቹና 70ዎቹ

በ1960ዎቹ የእፍግታ ሎግ ብስለት ላይ ደረሰ። ሲዚየም 137 የተባለው ምንጭ 662 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጋማ ጨረር ወደ አለቱ ይልካል። ጨረሩ በአለቱ ኤሌክትሮኖች እየተበተነ ይዳከማል፤ አለቱ እፍግ ያለ በሆነ መጠን ወደ መቁጠሪያው የሚመለሰው ያንሳል። ችግሩ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጭቃ ቅርፊት ነበር። አንድ መቁጠሪያ ብቻ ያለው መሣሪያ ያነበበው እፍግታ የአለቱ ይሁን የቅርፊቱ መለየት አይችልም።

በ1964 የቀረበው መፍትሔ ሁለተኛ መቁጠሪያ መጨመር ነው። ለምንጩ ቅርብ የሆነው ይበልጡን ቅርፊቱን ያያል፣ ራቅ ያለው ይበልጡን አለቱን። ሁለቱ ከተስማሙ ቅርፊት የለም፤ ከተለያዩ የልዩነታቸው መጠን ምን ያህል መታረም እንዳለበት ይናገራል። እርማቱም በሎጉ ላይ ለብቻው ይታተማል፤ አንባቢው እርማቱ ሲበዛ ካየ በዚያ ጥልቀት ያለውን ንባብ በጥርጣሬ ያየዋል። መሣሪያ ስለራሱ አስተማማኝነት መመስከር የጀመረው ያኔ ነው።

ከእፍግታ ወደ ክፍት ቦታ መሄዱ ቀላል ሒሳብ ነው። የኳርትዝ እፍግታ 2.65፣ የውሃ 1.0 ነው። ሎጉ 2.32 ካነበበ በኳርትዙና በንባቡ መካከል ያለው ልዩነት 0.33 ነው፤ በኳርትዙና በውሃው መካከል ያለው 1.65። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 0.20 ይወጣል፣ ክፍት ቦታው 20 ከመቶ ነው ማለት ነው። አለቱ ኳርትዝ መሆኑን ግን ማን አረጋገጠ? እፍግታው 2.71 የሆነው ካልሳይት ወይም 2.87 የሆነው ዶሎማይት ቢሆንስ? መልሱ ይለወጣል።

እዚህ ላይ የኒውትሮን ሎግ እንደገና ገባ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እርሱም ሁለት መቁጠሪያ ያለው፣ በአሜሪሲየምና በቤሪሊየም ምንጭ የሚሠራ ሆነ። ሁለቱ ሎጎች በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ሚዛን ጎን ለጎን ሲታተሙ እያንዳንዱ ለብቻው የማይናገረው ነገር ወጣ። በኖራ ድንጋይ መለኪያ ሲታተሙ፣ ውሃ በሞላው ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሁለቱ መስመሮች ይገጥማሉ። በሼል ይራራቃሉ፤ ሸክላው ውስጥ የታሰረው ውሃ የኒውትሮኑን ንባብ ከፍ ስለሚያደርገው። ጋዝ ባለበት ደግሞ መስመሮቹ ይሻገራሉ። የጋዝ ሃይድሮጅን ትንሽ ስለሆነ ኒውትሮኑ ክፍት ቦታውን አሳንሶ ያነባል፤ ጋዝ ቀላል ስለሆነ እፍግታው ክፍት ቦታውን አብዝቶ ያነባል። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ የተሳሳቱበት አቅጣጫ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጋዙን ያጋለጠውም ይኸው መቃረናቸው ነው። በዘርፉ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ስህተት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በኋላም የእፍግታ መሣሪያው ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸውን ጨረሮች ለይቶ በመቁጠር የአለቱን ዓይነት መናገር ቻለ። በዚህ ልኬት ኳርትዝ 1.8፣ ዶሎማይት 3.1፣ ካልሳይት 5.1 ገደማ ያነባሉ። በቁፋሮ ጭቃ ውስጥ የሚጨመረው ባራይት ግን 267 ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ልኬቱን ያበላሻል።

የሚበራና የሚጠፋ ምንጭ፦ ከ1963 ጀምሮ

እስካሁን ያየናቸው ምንጮች ሌት ተቀን ይረጫሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ዓይነት መጣ፤ ሁለቱን የሃይድሮጅን ወገኖች፣ ዲዩተሪየምንና ትሪቲየምን፣ በ100 ሺህ ቮልት ገደማ አጋጭቶ ባለ 14 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን የሚያወጣ ቱቦ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ኒውትሮኑ ይቆማል።

ማብራትና ማጥፋት መቻሉ አዲስ ልኬት ወለደ፤ ጊዜን። ኒውትሮኖቹ በአጭር ምት ይለቀቁና አለቱ እስኪውጣቸው ምን ያህል እንደሚቆዩ ይለካል። ክሎሪን ኒውትሮንን በጣም ይውጣል፤ ጨዋማ ውሃ ብዙ ክሎሪን አለው፣ ዘይት የለውም። ስለዚህ ኬዚንግ በለበሰ፣ ለዓመታት ዘይት ሲቀዳበት በኖረ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው የት ድረስ እንደተነሣ፣ ዘይት የት እንደቀረ ማወቅ ተቻለ። ሎጉ በየዓመቱ ሲደገም የመስኩን ዕድሜ ይከታተላል።

ውሃው ጨዋማ ካልሆነ ግን ዘዴው አይሠራም፤ የንጹሕ ውሃና የዘይት ንባብ ከሞላ ጎደል አንድ ነውና። በ1970ዎቹ የተስፋፋው የካርቦንና የኦክስጅን ንጽጽር ክፍተቱን ሞላ። ፈጣን ኒውትሮን ካርቦንን ሲመታ 4.44፣ ኦክስጅንን ሲመታ 6.13 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ ይወጣል። ዘይት ካርቦን አለው፣ ውሃ ኦክስጅን። የኖራ ድንጋይም ካርቦንና ኦክስጅን ስላለው ውጤቱ አለቱን ሳያውቁ አይነበብም፤ ሌላ ሎግ መጠየቅ ግድ ነው።

ይህ ቱቦ የሄደበት ሩቁ ቦታ ምድር ላይ አይደለም። በነሐሴ 2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ኪዩሪዮሲቲ የተባለች ተሽከርካሪ ሩሲያ ሠራሽ የኒውትሮን ቱቦ ይዛ፣ በጌል ጉድባ አፈር ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በዚሁ መርሕ ስትለካ ቆይታለች።

ከቆጠራ ወደ ንጥረ ነገር፦ ከ1970ዎቹ ወዲህ

ከ1970ዎቹ ጀምሮ መሣሪያዎቹ ስንት ጨረር እንደመጣ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስንት ጉልበት እንዳለው መመዝገብ ጀመሩ። የፖታሲየም ምልክት 1.46፣ የዩራኒየም ወገን 1.76፣ የቶሪየም ወገን ደግሞ 2.61 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በዚህ የተነሣ ቀድሞ ሁሉ ሼል ይባል የነበረው ከፍተኛ ንባብ ተከፋፈለ። ፖታሲየም ያለው ፌልድስፓር የበዛበት አሸዋ ድንጋይ፣ ዩራኒየም የሰበሰበ ጥቁር ኦርጋኒክ ሼልና ተራ ሸክላ እንደየራሳቸው ታወቁ። ብዙ ዘይት የያዘ አሸዋ ሼል ተብሎ የታለፈበት ስህተት በዚህ ታረመ።

ከዚያ የኒውትሮን ምንጭ ተጨምሮበት ሲሊከን፣ ካልሲየም፣ ብረት፣ ድኝ፣ ቲታኒየምና ጋዶሊኒየም ተለይተው ተለኩ። በ2010ዎቹ ላንታነም ብሮማይድ የተባለው ክሪስታል የጉልበት መለየት አቅሙን አሳድጎ ማግኒዥየምንና ጠቅላላ ካርቦንን ጨመረ። በሼል ጋዝና በሼል ዘይት ዘመን የተፈለገውም ይኸው ነበር፤ አለቱ በተሰነጠቀ ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ተሰባሪ ነው ወይስ የሚዘጋ ሸክላ የሚለው ጥያቄ የማዕድን ይዘት ጥያቄ ነውና።

በዚሁ ጊዜ ሁለት ጎን ለጎን የሄዱ ለውጦች አሉ። አንደኛው፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የእፍግታና የኒውትሮን መሣሪያዎች በራሱ የቁፋሮ ቧንቧ ውስጥ ተገጥመው እየተቆፈረ መለካት ተቻለ፤ አግድም የሚሄዱ ጉድጓዶች ያለዚህ አይታሰቡም። ሁለተኛው የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው። ከ1991 ጀምሮ በዘመናዊ መልኩ ገበያ የገባው ይህ ዘዴ በሆስፒታል ኤምአርአይ መርሕ የሚሠራ ሲሆን ጨረር አመንጪ ነገር የለበትም፤ የክፍት ቦታውን መጠን ብቻ ሳይሆን ፈሳሹ ሊፈስ የሚችል መሆኑን ይናገራል። ስሙ ኒውክሌር ቢሆንም በደኅንነት ረገድ ከቤተሰቡ የተለየ ነው።

የምንጩ ሸክም

ይህ ሁሉ ጥቅም ከኃላፊነት ጋር ነው የመጣው። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት፣ የአሜሪሲየም 241 ደግሞ 432 ዓመት ገደማ ነው። መሣሪያው ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢቀርና ማውጣት ባይቻል፣ በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት በሲሚንቶ ይታሸጋል፤ በጉድጓዱ አፍ ላይም ወደፊት ማንም እንዳይቆፍር የሚያስጠነቅቅ የማይጠፋ ጽሑፍ ይተከላል። በመስከረም 2012 በምዕራብ ቴክሳስ አንድ የአሜሪሲየም ቤሪሊየም ዘንግ በመጓጓዝ ላይ ሳለ ጠፍቶ፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ ፍለጋ በኋላ መንገድ ዳር ተገኘ። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጉድጓድ ልኬት ምንጮችን ከአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች በሦስተኛው መድቧቸዋል፤ ሰው ሳያውቅ ለሰዓታት ቢይዛቸው የሚጎዱ ናቸው።

ስለዚህ የዘመኑ አቅጣጫ ምንጩን መቀነስ ነው። በ2005 የኬሚካል ኒውትሮን ምንጩን በሚጠፋ ቱቦ የተካ፣ እየተቆፈረ የሚለካ መሣሪያ ወጣ፤ በ2012 ደግሞ እፍግታንም ያለ ሲዚየም የሚገምት ተከተለ። አሁን ኢንዱስትሪው ምርጫ አለው። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። በኒውትሮን ጋማ የሚገመተው እፍግታ ከሲዚየሙ ጋር በሁሉም አለት እኩል ትክክለኛነት የለውም። ደግሞም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተከማቸው የዓለም የሎግ ሀብት የተለካው በአሮጌዎቹ ምንጮች ነው፤ አዲሱ ልኬት ከአሮጌው ጋር የሚመሳከርበት ሥራ ካልተሠራ ከ1959 በፊት የነበረው የሚዛን ችግር ተመልሶ ይመጣል።

በእኛ ምድር

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። መጀመሪያ ዳሎልን እንውሰድ። በደናክል የጨው ሜዳ ሥር ፖታሽ መኖሩ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስፋት ቆፍሮ አጥንቶታል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ተከትለዋል። ፖታሽ ፖታሲየም ያለበት ጨው ነው፤ ፖታሲየም ደግሞ ራሱ ጋማ ይለቃል። ስለዚህ ፖታሽ በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው መሣሪያ የተፈጥሮ ጋማ ሎግ ነው፤ ከተራ ጨው ሲወጣና ፖታሽ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ወዲያው ይዘላል።

ጋማው ብቻውን ግን ያሳስታል። ሦስት ንብርብሮችን እናስብ። አንዱ ሩብ ያህሉ ሲልቫይት፣ ቀሪው ተራ ጨው ነው፤ ሁለተኛው ካርናላይት፣ ሦስተኛው ካይናይት። ሦስቱም ከ13 እስከ 16 ከመቶ ፖታሲየም ስላላቸው ጋማ ሎጉ ላይ ሁሉም ከ200 ኤፒአይ በላይ ሆነው ተቀራርበው ይታያሉ። ለፋብሪካው ግን ሦስት የተለያዩ ማዕድናት ናቸው፤ ካርናላይት ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል፣ አሠራሩም ሌላ ነው። አሁን ኒውትሮኑን እንጠይቅ። ሲልቫይትና ጨው በውስጣቸው ውሃ ስለሌላቸው ንባቡ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ካርናላይት በእያንዳንዱ ሞለኪውል ስድስት ውሃ አዝሎ፣ ካይናይትም የራሱን ውሃ ይዞ ንባቡን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ካርናላይትን ከካይናይት የሚለየው ደግሞ እፍግታው ነው፤ የመጀመሪያው 1.57 ገደማ፣ ሁለተኛው 2.12 ገደማ ያነባል። ሦስት ሎግ፣ ሦስት ማዕድን፤ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ይደባለቃሉ።

ወደ ኦጋዴን ስንሄድ፣ በ1973 ቴኔኮ የተባለው ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ፤ በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ቁፋሮውን ቀጠሉ። ጋዙ ካለባቸው አለቶች አንዱ ስሙን ከሰሜን ኢትዮጵያ ከተማ የወሰደው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ስንት ጋዝ አለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚነሣው ከላይ ከተነገረው የእፍግታና የኒውትሮን መሻገር ነው። ሸክላ በተቀላቀለበት አሸዋ ግን ሸክላው መስመሮቹን ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋ ጋዙ ሊደበቅ ይችላል። የክፍት ቦታው ግምት በጥቂት ከመቶ ቢዛባ በአገር ደረጃ የሚነገረው የክምችት ቁጥር አብሮ ይዛባል።

አሉቶ ላንጋኖ የተባለው የከርሰ ምድር እንፋሎት መስክ ሌላ ፈተና አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ደርሷል፤ የተለመደው የሎጊንግ መሣሪያ ግን እስከ 175 ዲግሪ ያህል ነው የሚችለው። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ለመለካት ውሃ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ወይም መሣሪያውን በሙቀት መከላከያ ዕቃ መክተት ግድ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ቁፋሮም አለ። እዚያ የተፈጥሮ ጋማ ሎግ ወደ ጉድጓዱ ምንም ጨረር ስለማያስገባ ለመጠጥ ውሃ አያሰጋም። ራዮላይት ከባዛልት ይልቅ ፖታሲየም፣ ዩራኒየምና ቶሪየም ስለሚበዛበት፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ምድራችን ንብርብሮችን ለመለየት ርካሽና ጠቃሚ ነው።

ምን ይደረግ

ቀጣዮቹ ዓመታት ወዴት እንደሚሄዱ መንገዱ ግልጽ ነው። የሚጠፉ ምንጮች ይበዛሉ፣ የኮምፒውተር ስሌት መሣሪያው በየዓይነቱ አለት ምን ሊያነብ እንደሚገባ ቀድሞ ይተነብያል፣ ንባቡንም ማሽን ይተረጉማል። ማሽን ግን የሚማረው ከተሰጠው ሎግ ነው፤ ካሊብሬሽኑ የተበላሸ ሎግ ከተሰጠው ስህተቱን በልበ ሙሉነት ይደግመዋል።

ለዚህ ነው አገራችን የቁፋሮ ውል ስትፈርም ሦስት ነገር ማስገባት ያለባት የምለው። የታረመው መስመር ብቻ ሳይሆን ጥሬ ቆጠራውና የካሊብሬሽን መዝገቡ ከሥራው በፊትና በኋላ ይሰጥ። ከቁልፍ ንብርብሮች ኮር ይወሰድና ሎጉ ከእሱ ጋር ይመሳከር። የገባ የጨረር ምንጭ ሁሉ በቁጥር ተመዝግቦ ገብቶ በቁጥር ይውጣ፣ የቀረ ካለ የት እንደተቀበረ በይፋ ይታወቅ። ከዳሎል፣ ከኦጋዴንና ከአሉቶ በየዘመኑ የተወሰዱ የወረቀት ሎጎችም ባሉበት ተፈልገው ወደ ዲጂታል ይገልበጡ፤ ጉድጓድን እንደገና መቆፈር ውድ ነው፣ የተለካውን መጠበቅ ግን ርካሽ።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ፊዚክስና ጂኦሎጂ በተለያየ ሕንጻ ይሰጣሉ፤ ይህ ሙያ የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ፖንቴኮርቮ ተልሳ ሲደርስ ስለ ዘይት የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ ስለ ኒውትሮን ግን ያውቃል፣ አለቱን የሚያውቁ ሰዎችም አጠገቡ ነበሩ። አንድ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በካሉብ ሎግ ላይ፣ አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ በዳሎል ጋማ ላይ ቢሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀረበለትን ንባብ ዝም ብሎ የማይቀበል፣ ካሊብሬሽኑን አሳዩኝ፣ ሁለተኛው ሎግ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ እናፈራለን። የጋዙና የፖታሹ ባለቤት የሆነ አገር ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ የራሱ ሰው ሊኖረው ይገባል።